መብራቱን ማን አመጣው? የሞስኮ ሜትሮ ቁፋሮ በፎቶ፣ ከ1931 እስከ 1935 (የጉዳይ ጥናት)

ጉዳዩ እንዴት ተነሣ

አንድ ወዳጄ የግንባታ ፎቶ አንሺ ነው። መንገድ፣ ድልድይ፣ የውኃ መስመር፣ የተገኘውን ያነሣል። በቅርቡ ከመሬት በታች የሚዘረጋ የፍሳሽ መስመር እንዲያነሣ ተጠርቶ ነበር። ሥራውን አሳየኝ። ጥርት ያሉ ፎቶዎች ናቸው። ኮንክሪቱ ይታያል፣ ብረቱ ይታያል፣ የሠራተኞቹ ፊት ይታያል። ግን ምንም አይሉም። «ስገባ ፈርቼ ነበር» አለኝ። «ፎቶው ላይ ግን ፍርሃቱ የለም። ሱቅ ውስጥ ያነሣሁት ነው የሚመስለው።»

ወዲያው ትዝ ያሉኝ የሞስኮ የምድር ውስጥ ባቡር በ1930ዎቹ ሲቆፈር የተነሡት ፎቶዎች ናቸው። የወዳጄ ፎቶዎች ያጡት ነገር እነዚያ ላይ ሞልቶ ፈስሷል። በአንድ ወገን ብቻ የበራ ፊት አለ። ከኋላው ጨለማ አለ። በጨለማው ውስጥ እርጥብ ብረት ያብለጨልጫል። ሰው ያያቸዋል፣ ከዚያም ቅዝቃዜው ይሰማዋል። እነዚያ ሰዎች በዚያ ዘመን ካሜራ እንዴት አደረጉት? ደግሞስ የሚሰማን ነገር የጉድጓዱ ድባብ ነው ወይስ ካሜራው የሠራው?

ይህን ጉዳይ ቁጭ ብዬ የጻፍኩት ለዚህ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሠራተኞቹንና ጉድጓድ ውስጥ የወረዱትን ፎቶ አንሺዎች በስም አልጠራም። በአደባባይ የሚታወቁትን ባለሥልጣናት፣ መሐንዲሶችና አርቲስቶች ግን እጠራለሁ።

ዳራ

ሞስኮ ሜትሮ ለመሥራት ያሰበችው ከአብዮቱ በፊት ነው። በ1902 አንድ መሐንዲስ ዕቅድ አቀረበ፣ የከተማው ምክር ቤት ጣለው። ከዚያ ጦርነት መጣ፣ አብዮት መጣ፣ የእርስ በርስ ጦርነት መጣ። በ1926 ቆጠራ የከተማዋ ሕዝብ ወደ ሁለት ሚሊዮን ደርሶ ነበር። ከዚያ በኋላ ደግሞ ከገጠር የሚፈልሰው ሰው እንደ ጎርፍ ሆነ። ሰው ሁሉ የሚንጠለጠለው ትራም ላይ ነበር። በጥር 1931 የመሀል ከተማው የትራም መስመር ተጨናንቆ ቀጥ አለ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ የኮሚኒስት ፓርቲው ማዕከላዊ ኮሚቴ ሜትሮ ይሠራ ብሎ ወሰነ።

ሥራውን በፖለቲካ በኩል የያዘው የሞስኮ ፓርቲ መሪ ላዛር ካጋኖቪች ነው። ከሥሩ በሞስኮ ፓርቲ ውስጥ እያደገ የነበረው ኒኪታ ክሩሽቼቭ ጉድጓድ ለጉድጓድ ይዞር ነበር። «ሜትሮስትሮይ» የተባለውን የግንባታ ድርጅት እንዲመራ የተሾመው የድኒፐርን ግድብ ከሠሩት መሐንዲሶች አንዱ ፓቬል ሮተርት ነው። በ1931 መጨረሻ በሩሳኮቭስካያ መንገድ የመጀመሪያው የሙከራ ቁፋሮ ተጀመረ። በአካፋ ነው የተጀመረው።

አሁን የምናገረው ነገር የምሕንድስና ጉዳይ ይመስላል። ግን የፎቶዎቹን ድባብ የወሰነው እሱ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

የመጀመሪያው ሐሳብ እንደ በርሊን መሥራት ነበር። መንገዱን ከላይ ቀድዶ፣ ባቡሩን አስገብቶ፣ መልሶ መክደን። በ1932 አንድ ወጣት መሐንዲስ፣ ቬኒያሚን ማኮቭስኪ፣ አይሆንም አለ። እንደ ለንደን ጠልቀን እንቆፍር ብሎ ተከራከረ። ከላይኛው አፈር ሥር ውኃ የጠጣ አሸዋ ነበረ፤ ሲነካ እንደ ገንፎ የሚፈስ። ሩሲያውያን «ፕሊቩን» ይሉታል፣ የሚዋኝ አፈር እንደ ማለት ነው። ከሥሩ ሸክላ አለ፣ ከዚያም በታች የኖራ ድንጋይ። ክርክሩ ጋዜጣ ላይ ወጣ፣ የውጭ ባለሙያዎችም ተጠየቁ። በመጨረሻ የመሀል ከተማው ክፍል በጥልቀት እንዲቆፈር ተወሰነ። ዳር ዳሩንና ከአርባት መንገድ ጀርባ በየግቢው የሚያልፈውን መስመር ከላይ ቀደዱት።

ፎቶ አንሺ ይህን ውሳኔ ሲሰማ የሚገባው ነገር አንድ ነው፦ ፀሐይ የለም። ከላይ በተቀደደው ክፍል ቀን በቀን ብርሃን ይነሣል። በጥልቁ ግን ጨለማ ነው። ሁለቱ የፎቶ ዓይነቶች ዛሬም ጎን ለጎን ሲቀመጡ ከአንድ ፕሮጀክት የመጡ አይመስሉም። የላይኞቹ ጭቃ፣ አጥር፣ ጋሪ፣ ከኋላ ቆሞ የሚያይ መንገደኛ ናቸው፤ እንደማንኛውም የከተማ ግንባታ። የታችኞቹ ሌላ ዓለም ናቸው። «የሜትሮ ቁፋሮ ፎቶ» ሲባል በሰው አእምሮ የቀሩት የታችኞቹ ናቸው።

የሶቪየት ፎቶ በዚያን ሰሞን

የፎቶ ባለሙያው ራሱ ወደ ጉድጓዱ የወረደው ጠብ ይዞ ነው። በ1920ዎቹ አርቲስቱና ፎቶ አንሺው አሌክሳንደር ሮድቼንኮና ጓደኞቹ ከሰገነት ወደ ታች፣ ከእግር ሥር ወደ ላይ፣ ካሜራውን አጣምመው ማንሣት ጀምረው ነበር። ዓለምን በእምብርት ቁመት ብቻ ማየት ይብቃን ነው ነገሩ። በ1928 የፎቶ መጽሔቱ የምዕራብ ፎቶ አንሺዎችን ኮርጀሃል ብሎ ከሰሰው። በ1930 ከታች ወደ ላይ ያነሣቸው የፒዮኔር ልጆች፣ የኮሚኒስት ሕፃናት ማኅበር አባላት ማለት ነው፣ ሌላ ቁጣ አመጡ። ልጁ ለምን ወደ ሰማይ ያያል፣ ወደ ፊት አያይም እንዴ ተባለ። ዛሬ ስንሰማው ያስቃል። ያኔ ግን ቀልድ አልነበረም። በሚያዝያ 1932 የሥነ ጽሑፍና የሥነ ጥበብ ቡድኖች በሙሉ በፓርቲ ውሳኔ ፈረሱ።

ስለዚህ ሜትሮው ሲቆፈር ፎቶ አንሺው ሁለት ነገር ይፈራል። እንደ ድሮው ቀጥ ብሎ ቢያነሣ ፎቶው ይሞታል። ካሜራውን ቢያጣምም ደግሞ በስሙ ላይ መጥፎ ቃል ይለጠፋል። የጉድጓዱ ውስጥ ግን ሰበብ ሰጠው። ጠባብ ስለሆነ ወደ ኋላ መሸሽ አይቻልም። መሬት ላይ ተንበርክኮ ወደ ላይ ማንሣት ግድ ነው። ሌላ ቦታ ኃጢአት የነበረው አንግል እዚህ የቦታ ጥበት ሆነ። ቅስት የሆነው የመሿለኪያ ጣሪያም ያለ ማጣመም ራሱ ይጣመማል። ቀደም ብሎ የተወገዘው አተያይ ጉድጓድ ውስጥ በሰላም የኖረው ለዚህ ይመስለኛል።

ችግሩ

ችግሩ በአጭሩ ይህ ነው። ከተማው አራት ዓመት ጭቃ ሊረግጥ ነው። የሚያየው አጥርና የእንጨት ማማ ብቻ ነው። ከሥሩ የሚሠራውን አያይም። በየመንደሩ ደግሞ ሠራተኛ ይፈለጋል፤ በ1934 የሠራተኛው ቁጥር ከ70,000 በላይ ደርሷል። ብዙው ከገጠር የመጣ ነው፣ የጋራ እርሻውንና የ1932 እና 1933ን ረኀብ ሸሽቶ። ጉድጓድ አይቶ አያውቅም። ገብቶ ያያል፣ ብዙ ሳይቆይ ጥሎ ይሄዳል። ኮምሶሞል፣ የኮሚኒስት ወጣቶች ማኅበር ማለት ነው፣ በሺዎች የሚቆጠሩ አባላቱን ላከ። ለእነሱም ምክንያት መስጠት ያስፈልጋል። ፎቶው የማይታየውን ሥራ ማሳየት ነበረበት፣ ያማረ አድርጎ።

ቴክኒኩ ግን አላግዝ አለ። የዚያ ዘመን ፊልምና ፕሌት (በፊልም ፈንታ የሚያገለግል የመስታወት ሰሌዳ) ዛሬ ስልካችን ከሚያየው ብርሃን እጅግ ብዙ እጥፍ ይፈልጋል። ጉድጓዱ ውስጥ ያለው በየሜትሩ የተንጠለጠለ ደካማ አምፖል ነው። ያለ ተጨማሪ መብራት ማንሣት ካስፈለገ ካሜራውን በባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ አድርጎ መጠበቅ ነው። የሚንቀሳቀስ ሰው ጉም ይሆናል። ለብልጭታ ማግኒዝየም ማቀጣጠል ይቻላል፤ ግን ጭሱ የሚወጣበት የለም። አንዴ ካነሡ በኋላ ጭሱ እስኪጠራ መቆም ነው። ከሞስኮ ክረምት ወደ ሞቃትና እርጥብ ጉድጓድ የገባ ሌንስ ላይ ደግሞ ጤዛ ይጥላል። ውኃውን በታመቀ አየር ገፍተው በሚሠሩበት ካይሰን ውስጥ ለመግባት ፎቶ አንሺውም እንደ ሠራተኛው በአየር መቆለፊያው ክፍል ቁጭ ብሎ ግፊቱን መላመድ ነበረበት፣ ሲወጣም ቀስ ብሎ። ቸኩሎ የወጣ ይታመማል።

ሌላም ችግር ነበር፣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚረሳው፦ የጋዜጣው ወረቀት። ጨለማ ፎቶ በርካሽ ወረቀት ላይ ሲታተም ጥቁር ነጠብጣብ ይሆናል። ፊቱ፣ ግድግዳው፣ ውኃው አንድ ላይ ይዋሐዳል። አዘጋጁ ጥቁርና ነጩ የተለየለት ፎቶ ነው የሚፈልገው። ጉድጓዱ ግን ግራጫ ነው።

የተወሰዱት እርምጃዎች

የመጀመሪያው እርምጃ መብራት ማምጣት ነው። የጉዳዩ ሁሉ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። በእነዚያ ፎቶዎች ላይ ያለው ድንቅ ብርሃን ከጉድጓዱ አልመጣም። ፎቶ አንሺው ይዞት ወረደ። ያመጣውን መብራት ደግሞ እንደ ቲያትር ከአንድ ወገን አስቀመጠው፣ ብዙ ጊዜም ዝቅ አድርጎ። ፊቱ በራ፣ ኋላው ጠቆረ። እርጥብ ግድግዳ ብርሃን ሲያገኝ ያንጸባርቃል፤ ስለዚህ ውኃው ራሱ ጌጥ ሆነ። ሠራተኛውን የሚያሠቃየው ነገር ፎቶው ላይ ብልጭታ ሆኖ ቀረ።

መብራት ከመጣ ሥራ ይቆማል። ሁለተኛው እርምጃ ከዚህ ተከተለ፦ ሰዎቹን ማቆም። «እስቲ እንደምትቆፍር ሁን» ይባላል። ጃክሐመሩ፣ በታመቀ አየር የሚሠራው መሰርሰሪያ፣ ድንጋዩ ላይ ያርፋል፣ አየሩ ግን አልተከፈተም። ይህን ከፎቶው ላይ ማወቅ ይቻላል። የሚሠራ ጃክሐመር የያዘ ሰው እጁ ይንቀጠቀጣል፣ በዚያ ፊልም እጁ ጥርት ብሎ ሊወጣ አይችልም። አቧራም የለም። የፊቱ ጡንቻ ተዝናንቷል። ብዙዎቹ ዝነኛ የ«ሥራ» ፎቶዎች የሥራ ማቆሚያ ፎቶዎች ናቸው። ሰውዬው ፈገግ ያለው ለአንድ ደቂቃ ስላረፈም ሊሆን ይችላል፤ ማን ያውቃል።

ሦስተኛው የልብሱ ነገር ነው። ሠራተኞቹ ሰፊ ጠርዝ ያለው ባርኔጣ፣ የሸራ ቱታና የጎማ ቦቲ ይለብሱ ነበር። ባርኔጣው ከላይ የሚንጠባጠበውን ውኃ ይመልሳል። ፎቶ ላይ ደግሞ ጠርዙ ጥላ ይሠራል፣ ጥላው ፊቱን ይቀርጻል። እንዲህ ዓይነት ባርኔጣ ለፎቶ አንሺ ስጦታ ነው። ወጣቶቹ ይህን ልብስ ለብሰው ከፈረቃ በኋላ በከተማው መሀል ጭቃቸውን ሳያራግፉ መሄድ ጀመሩ። ኩራት ሆነ።

አራተኛው ሴቶቹን ማሳየት ነው። መጀመሪያ ላይ ሴት ከመሬት በታች ትውረድ መባሉን ብዙዎች አልተቀበሉትም። ወጣቶቹ ሴቶች ተሟግተው ወረዱ። ጃክሐመር የያዘች፣ እጅጌዋን የሰበሰበች፣ ትከሻዋ ሰፊ ወጣት ሴት የሜትሮው ምልክት ሆነች። አሌክሳንደር ሳሞኽቫሎቭ የተባለው ሠዓሊ በ1937 መሰርሰሪያ የያዘች የሜትሮ ሠራተኛ ሴት ሥሎ፣ ሥዕሉ ከብዙ ፎቶዎች በላይ ታወቀ።

አምስተኛው መግለጫ ጽሑፍ ነው። «ግንባር ቀደም ሠራተኛ፣ ኖርሙን (የተመደበለትን የሥራ መጠን) በዚህን ያህል በመቶ ያለፈ።» ፎቶው ሰውን ያሳያል፣ ጽሑፉ ቁጥር ያደርገዋል።

ከዚህ ሁሉ ጎን ለጎን ሌላ ዓይነት ፎቶ ይነሣ ነበር። የግንባታው ድርጅት ለራሱ መዝገብ የሚያስነሣው ነው። እዚህ ማንም አይስቅም። እንግሊዝ አገር ተሠርቶ የመጣው የቁፋሮ ጋሻ፣ ማለትም እየተገፋ የሚሄደው ግዙፍ የብረት በርሜል፣ በኦኾትኒ ርያድና በሉቢያንካ ጣቢያዎች መካከል ያለውን መስመር ሲበሳ አለ። የሶቪየት ፋብሪካዎችም እሱን አይተው ሌላ ሠርተዋል። የኤስካሌተሩ ዘንበል ያለ ጉድጓድ ሲቆፈር አፈሩን ያቀዘቀዙበት ቧንቧ አለ። ቀዝቃዛ ጨዋማ ውኃ በቧንቧው ይዞራል፣ ዙሪያው ያለው ውኃ የጠጣ አፈር በረዶ ይሆናል፣ ከዚያ እንደ ድንጋይ ይቆፈራል። እነዚህ ፎቶዎች አሰልቺ ናቸው። እኔ ግን እነሱን ሳይ ነው ልቤ የሚቆመው።

የሠራው

አንደኛ፣ የማይታየው ታየ። የሞስኮ ሰው አጥር ብቻ ሲያይ የነበረው፣ ከአጥሩ ጀርባ ምን እንዳለ አወቀ። በ1934 ነዋሪው በእረፍት ቀኑ አካፋ ይዞ ለነፃ ሥራ ሲወጣ፣ ወዴት እንደሚወርድ አስቀድሞ በዓይኑ ያውቀው ነበር።

ሁለተኛ፣ ሰዎቹ ራሳቸውን በዚያ ፎቶ ውስጥ አገኙት። ይህን በቀላሉ ፕሮፓጋንዳ ብሎ ማለፍ አይቻልም። ከሁለት ዓመት በፊት ሞፈር ይዞ የነበረ ልጅ በጋዜጣ ላይ ከብረት ቀለበት መሀል ቆሞ ይታያል። ጋዜጣውን ቆርጦ ወደ አገር ቤት ይልካል። ፎቶው ሲነሣ ተቀናብሯል፤ ኩራቱ ግን የልጁ ነው። በ1935 ከሠራተኞቹ አፍ የተሰበሰቡ ትዝታዎች በመጽሐፍ ሲወጡ ያው ድምፅ ይሰማል። አርታኢ ቢነካካውም ያ ኩራት አልጠፋም።

ሦስተኛ፣ ጨለማው ራሱ ሥራ ሠራ። ሜትሮው ግንቦት 15 ቀን 1935 ሲከፈት 13 ጣቢያዎችና 11 ኪሎ ሜትር ያህል መስመር ነበረው። ጣቢያዎቹ እብነ በረድ ናቸው፣ ብርሃን ሞልቷቸዋል። የቁፋሮው ፎቶ ያን ያህል ጨለማ ባይሆን ኖሮ የጣቢያው ብርሃን ይህን ያህል አያስደንቅም ነበር። አሌክሲ ዱሽኪን ከባልደረባው ጋር የነደፈው፣ ዛሬ ክሮፖትኪንስካያ የሚባለው ጣቢያ፣ መብራቱን ከምሰሶዎቹ ጫፍ ወደ ጣሪያው ይለቃል። አምፖሉ አይታይም፣ ብርሃኑ ብቻ ይታያል። ከመሬት በታች መሆንህን ትረሳለህ። ሞስኮ የተማሩ ኢትዮጵያውያን ይህን ያውቁታል። በዚያ ረጅም ኤስካሌተር መጀመሪያ የወረዱ ቀን ያዩትን ጠይቋቸው፣ ዛሬም ይተርኩላችኋል።

ያልሠራው

ውኃው አደገኛ መሆኑን ፎቶዎቹ አላሳዩም። ፕሊቩን ሰብሮ ሲገባ ጉድጓዱን ጥሎ መሮጥ ነበር። ከላይ ያሉ ቤቶች ግድግዳቸው ይሰነጠቅ ነበር። በካይሰን ውስጥ እሳት የተነሣበት ጊዜ አለ። ለጋዜጣ ከተነሡት ፎቶዎች ይህን የሚያሳይ አይታወሰኝም። በፎቶው ላይ ያለው ውኃ ሁልጊዜ የተሸነፈ ውኃ ነው። ለዚህ ሳንሱር ብቻውን ምክንያት አይመስለኝም። የአደጋ ሰዓት ማንም መብራት ተክሎ፣ ሰው አቁሞ፣ ጭስ እስኪጠራ አይጠብቅም። የተመረጠው ዘዴ ራሱ አደጋን ማየት አይችልም ነበር። ሳንሱሩ የመጣው በተዘጋ በር ላይ ቁልፍ ለመጨመር ነው።

መኖሪያውም የለም። ሠራተኛው ከጉድጓዱ ወጥቶ የሚተኛበት የተጨናነቀ ባራክ ለጋዜጣ አይበቃም። ሥራ ጀምሮ በወሩ የሄደውም ሰው የለም። የሄደ ሰው ፎቶ አይነሣም።

ፊቶቹ መመሳሰል ጀመሩ። ይህ ትልቁ የጥበብ ኪሳራ ነው እላለሁ። የመጀመሪያው ከታች ወደ ላይ የተነሣ፣ ከአንድ ወገን የበራ ፊት ያስደነግጣል። ሠላሳኛው ማህተም ነው። የጊዜ ገደቡ ሲቃረብ ይህ ባሰ። መጀመሪያ ለኅዳር 1934 የአብዮቱ በዓል ይደርሳል ተብሎ ነበር፣ አልደረሰም። የሙከራው ባቡር የሄደው ጥቅምት 15 ቀን 1934 ነው፣ በሁለት ጣቢያዎች መካከል። ፎቶ አንሺዎቹም እንደ ቆፋሪዎቹ ተጣድፈው ነበር። የተጣደፈ ሰው ደግሞ የሚያውቀውን ይደግማል።

ከዚያ ጊዜ ራሱ ፎቶዎቹን ከዳቸው። ሜትሮው በካጋኖቪች ስም ተሰየመ፤ በ1955 ስሙ ወርዶ የሌኒን ስም ተተካ። የሠራተኞቹን ትዝታ መጽሐፍ ያሳተመው የኮምሶሞሉ መሪ አሌክሳንደር ኮሳሬቭ በ1938 ታሰረ፣ በ1939 ተገደለ። ስሙ የሰፈረበትን መጽሐፍ ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም። ሮድቼንኮ ራሱ በ1934 ለኡዝቤኪስታን አሥረኛ ዓመት ባዘጋጀው አልበም ላይ፣ በገዛ ቤቱ ባለው ቅጂ፣ የታሰሩትን ባለሥልጣናት ፊት በጥቁር ቀለም ደፍኖታል። ያን ገጽ ያየ ሰው የዘመኑን ድባብ ከየትኛውም የጉድጓድ ፎቶ በላይ ያገኘዋል። ብርሃን አምጥቶ ፊት ያወጣ እጅ ፊቱን መልሶ አጠቆረው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት አለብኝ። ሮድቼንኮ በ1933 የነጭ ባሕርን ቦይ ሲያነሣ የሚቆፍሩት እስረኞች ነበሩ። ቦዩ ላይ ሙዚቀኞች ሲነፉ የሚያሳይ ፎቶ አለው፣ ለማየት የሚከብድ ፎቶ። የሜትሮው ሰዎች በደመወዝ የተቀጠሩ ነበሩ። የሁለቱን ፎቶ የብርሃንና የአንግል ቋንቋ ብቻ ብታይ ልዩነቱን አትደርስበትም። ስልቱ አንድ ነው። ይህም ካልሠሩት ነገሮች ይቆጠራል፦ ስልቱ ማን በፈቃዱ እንደቆመ መናገር አልቻለም።

ወደ ሌላ ሥራ የሚሻገር

ለወዳጄ ያልኩት እንዲህ ነው።

ፎቶ ስታነብ መጀመሪያ ጥላውን እይ። ጥላው ወዴት እንደወደቀ መብራቱ የት እንደነበር ይነግርሃል። መብራቱ የጉድጓዱ አምፖል ካልሆነ አንድ ሰው አምጥቶታል፣ ያመጣውም ሰው አንድ ነገር ፈልጓል። ከዚያ ከፊት ካለው ሰው ይልቅ ከኋላ ያለውን እይ። ተስተካክለህ ቁም ያልተባለው እሱ ነው። ፊቱ ደክሞታል፣ ወይም ካሜራውን በጥርጣሬ ያያል፣ ወይም ጭራሽ አላየውም። ከዚያ እግሩን እይ። ቦቲው እስከ የት እንደረጠበ ማንም አላቀናበረውም።

ስታነሣ ደግሞ የወዳጄ ችግር ከነሱ ችግር ተቃራኒ ነው። እነሱ ብርሃን አጡ፣ ያገኙትን ቆጥበው ከአንድ ወገን ረጩት፣ ድባብ መጣ። እሱ ፍላሽ ሞልቶታል፣ ሁሉን እኩል አበራ፣ ድባቡ ሞተ። ጨለማ ይዞ መግባት አይቻልም፤ ግን አለማጥፋት ይቻላል። ዛሬ ካሜራው በደካማ አምፖል ማየት ስለሚችል ሥራው ሳይቆም ማንሣትም ይቻላል። የ1930ዎቹ ሰዎች ይህን ቢያገኙ ምን ያደርጉ ነበር ብዬ አስባለሁ። ምናልባት ያንኑ። አዘጋጁ ያው ነውና።

አሰልቺውን ፎቶ አትናቅ። ቧንቧውን፣ ምሰሶውን፣ የግድግዳውን ስንጥቅ በየሳምንቱ ከአንድ ቦታ አንሣ። ከኋላው ቀኑን ጻፍ፣ የሰዎቹን ስም ጻፍ፣ ቆመው ከሆነም «ቆመው» ብለህ ጻፍ። አዲስ አበባም በ2015 ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር በምኒልክ አደባባይ በኩል ከመሬት በታች ያልፋል። እዚያ የቆፈሩትን ሰዎች በስም የሚጠራ ፎቶ ማን እጅ አለ? እኔ የማስታውሰው አጥሩንና ጭቃውን ነው።

ወዳጄ በሳምንቱ ተመልሶ ወረደ። ፍላሹን ቦርሳው ውስጥ ተወው። ካነሣቸው አብዛኞቹ ተንቀሳቅሰው ተበላሹ። አንዱን ልኮልኛል። ሰውዬው ግድግዳ ተደግፎ ፓምፑ እስኪነሣ ይጠብቃል፣ አያየንም። ከትከሻው በላይ ግድግዳው ላይ የጭቃ መስመር አለ፣ ትናንት ውኃው እዚያ ድረስ ነበር።